ሪቪያን ሁለተኛውን ፋብሪካ ለምን አዘገየው?

ማርች 7 ቀን 2024 ሪቪያን የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ካሊፎርኒያ ውስጥ አዲስ መኪና አስተዋወቀ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መኪናው አር2 ይባላል። ዋጋው ከ45,000 ዶላር ገደማ እንደሚጀምር ተነገረ። እስከዚያ ድረስ ሪቪያን ለግለሰቦች የሚሸጣቸው መኪኖች ውድ ነበሩ። መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ሊያስበው የሚችል መኪና ሲያቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ተሰማ። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ በ5 ቢሊዮን ዶላር ሊገነባ የታቀደው ሁለተኛው ፋብሪካ ለጊዜው ይቆያል ተባለ። አር2 መመረት የሚጀምረው ኢሊኖይ ውስጥ ኖርማል በምትባል ከተማ፣ ኩባንያው አስቀድሞ በያዘው ፋብሪካ ነው። በዚህ ውሳኔ ከ2.25 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይተርፋል። የሪቪያን የአክሲዮን ዋጋ በዚያ ቀን ከ10 በመቶ በላይ ጨመረ።

ይሄ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። ፋብሪካ መጨመር የእድገት ምልክት ነው ብለን እናስባለን። ግንባታ ሲቆም ደግሞ «አለቀላቸው» እንላለን። ታዲያ ባለአክሲዮኖቹ ምን አይተው ነው ደስ ያላቸው? ይህን ለመረዳት የመኪና ፋብሪካ ገንዘብ እንዴት እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ የተወሳሰበ ይመስላል እንጂ መሠረቱ ቀላል ነው።

የመኪና ፋብሪካ ሁለት ዓይነት ወጪ አለው። አንዱ ከእያንዳንዱ መኪና ጋር የሚመጣ ነው። ባትሪ፣ ብረት፣ ጎማ፣ መስታወት፣ መቀመጫ። መኪና ካልተሠራ ይህ ወጪ የለም። ሁለተኛው ግን መኪና ተሠራም አልተሠራም አለ። የሕንፃው፣ የሮቦቶቹና ቆርቆሮ የሚቀርጹት ትልልቅ ማሽኖች ዋጋ አለ። ጥገናው፣ ጥበቃው፣ የመሐንዲሶቹ ደመወዝ አለ። ቋሚ ወጪ የሚባለው ይሄኛው ነው። ዳቦ ቤት ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ምድጃው ለመቶ ዳቦም ለሺህ ዳቦም መጋል አለበት፤ መቶ ብቻ ከተጋገረ የምድጃው ወጪ እያንዳንዱ ዳቦ ላይ ይከብዳል።

እስቲ ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የአንድ ፋብሪካ ቋሚ ወጪ በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ነው እንበል። 100,000 መኪና ካመረተ እያንዳንዱ መኪና 10,000 ዶላር ይደርሰዋል። 25,000 ብቻ ካመረተ ግን 40,000 ዶላር ይሆናል። መኪናው ያው ነው፤ ሠራተኛውም ያው ነው። የተለየው ፋብሪካው ምን ያህል ሞልቷል የሚለው ብቻ ነው። በመኪና ሥራ ከዚህ የበለጠ አስፈላጊ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሪቪያን እንምጣ። ኩባንያውን በ2009 የመሠረተው አር ጄ ስካሪንጅ ነው። ለዓመታት አንድም መኪና ሳይሸጥ ነድፎ፣ ሞክሮ፣ ጥሎ፣ እንደገና ነድፎ ቆየ። በ2017 ኖርማል ያለውን ፋብሪካ ገዛ። ፋብሪካው በ1988 ማምረት የጀመረ ነው። መጀመሪያ የክራይስለርና የሚትሱቢሺ የጋራ ንብረት ነበር፤ በኋላ ለሚትሱቢሺ ብቻ ቀረ። ሚትሱቢሺ በ2015 ዘጋው። ሪቪያን የከፈለው 16 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለመኪና ፋብሪካ ይህ በነፃ እንደማግኘት ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ለእድሳትና ለማሽን የወጣው ገንዘብ ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ለደንበኛ የሚሆን ፒክአፕ በሴፕቴምበር 2021 ከመስመሩ ወጣ። በኖቬምበር ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። አንዱ አክሲዮን 78 ዶላር ነበር። 12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሰበሰበ። በቀናት ውስጥ የኩባንያው የገበያ ዋጋ ከ100 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ ፎርድንም ጄኔራል ሞተርስንም በለጠ። አማዞን ቀደም ብሎ በ2019 100,000 የዕቃ ማድረሻ ቫን አዝዞ ነበር። ገንዘብ አለ፣ ደንበኛ አለ፣ ስም አለ።

የጆርጂያው ፋብሪካ ይፋ የሆነው በዚህ ሙቀት መሃል፣ በዲሴምበር 2021 ነው። በዓመት እስከ 400,000 መኪና ያመርታል ተባለ። 7,500 የሥራ ቦታ ይፈጥራል ተባለ። አትላንታ ያላችሁ አንባቢዎች ቦታውን ታውቁት ይሆናል፤ በአይ-20 አውራ ጎዳና ወደ ኦጋስታ አቅጣጫ ስትነዱ፣ ከአትላንታ አንድ ሰዓት ገደማ ላይ ነው። ጆርጂያ ግዛትና የአካባቢው አስተዳደሮች 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ማበረታቻ አቀረቡ።

እዚህ ጋ አንድ ቁጥር ልጨምር። ሪቪያን በዚያ ዓመት፣ በ2021፣ በአጠቃላይ ያመረተው 1,015 መኪና ነው። 400,000 የሚያመርት ፋብሪካ ያቀደው ገና ሺህ መኪና ሠርቶ የጨረሰ ኩባንያ ነበር። በጊዜው ይህን ያነሱ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያ የአክሲዮን ዋጋ ግን ማን ሊሰማቸው?

2022 ሲገባ እውነቱ መጣ። መኪና መሥራት ማለት በሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎችን በሰዓቱ አንድ ቦታ ማገናኘት ነው። መኪናው በምርት መስመሩ ላይ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ያልፋል። በየጣቢያው ያለው ሠራተኛ ሥራውን የሚጨርስበት የተቆረጠ ጊዜ አለው። አንዲት ትንሽ ቺፕ ካልመጣች መስመሩ ይቆማል፣ ወይም መኪናው ሳያልቅ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይጠብቃል። መስመሩ ከቆመ ያ ዕቃ የሚገጠምበት ጣቢያ ብቻ አይደለም የሚቆመው። ከፊቱም ከኋላውም ያለው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ደመወዙ ግን ይቆጥራል። በዚያ ዓመት ቺፕ በዓለም ዙሪያ ጠፍቶ ነበር። ሪቪያንም በማርች 2022 «የዓመቱ ዕቅዴ 25,000 ነው» አለ። ዕቃ ባይጎድል ኖሮ የዚህን እጥፍ መሥራት ይችል እንደነበር ተናገረ። ዓመቱን በ24,337 ዘጋ።

የዋጋው ነገር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነበር። ብዙ ደንበኞች መኪናውን ያዘዙት ከዓመታት በፊት፣ በድሮ ዋጋ ነው። በመሃል የብረቱም የባትሪውም ዋጋ ናረ። ኩባንያው በማርች 2022 ዋጋ እስከ 20 በመቶ ጨመረ፤ ቀድመው ባዘዙት ላይም ጭምር። ደንበኛው ተቆጣ፤ ትዕዛዙን የሰረዘም አለ። ሪቪያን በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ቀድመው ላዘዙት የድሮውን ዋጋ መለሰ። ለስሙ ጥሩ አደረገ። ግን በውድ ሠርቶ በርካሽ መሸጥ ግዴታው ሆነ።

ውጤቱ በ2023 መጨረሻ ታየ። በዚያ ዓመት የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሪቪያን ባስረከበው በእያንዳንዱ መኪና ላይ 43,000 ዶላር ገደማ ይከስር ነበር። ይህ ያልተጣራ ኪሳራ የሚባለው ነው። መኪናውን ለማምረት የወጣው ከመኪናው ዋጋ ሲበልጥ ማለት ነው። የምርምሩ፣ የሽያጩና የዋናው ቢሮ ወጪ ገና አልገባበትም። የዓመቱ አጠቃላይ ኪሳራ 5.4 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ብዙ ቢያመርቱ ይካካሳል» ይባላል። እውነቱ ግን ሁለት ዓይነት ኪሳራ አለ። ፋብሪካው ስላልሞላ የሚመጣ ኪሳራ በብዛት ይድናል። መኪናው ራሱ በውስጡ ያለው ዕቃ ውድ ስለሆነ የሚመጣ ኪሳራ ግን በብዛት አይድንም፤ ይባስ ይባዛል። አንዱን በ1,000 ዶላር ኪሳራ የምትሸጥ ከሆነ መቶ ሺውን ስትሸጥ 100 ሚሊዮን ዶላር ከሰርክ ማለት ነው። ሪቪያን ላይ ሁለቱም ነበሩበት። ፋብሪካውም አልሞላም፤ መኪናውም ውድ ነበር።

ፋብሪካው ምን ያህል ጎዶሎ እንደነበር ልብ በሉ። የኖርማል ፋብሪካ በዓመት 150,000 መኪና ማምረት ይችል ነበር። በ2023 የወጣው 57,232 ነው። በ2024 ደግሞ ወደ 49,476 ወረደ። ሲሶው ገደማ ብቻ የሚሠራ ፋብሪካ ይዞ፣ ሌላ 400,000 የሚይዝ መጨመር ምን ማለት ነው? የቋሚ ወጪውን ሸክም ማባዛት ነው። እኔ በግሌ የማርች 2024ቱን ውሳኔ ትክክል ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። በእጅ ያለውን ሳይሞሉ ሌላ መክፈት ለዚህ ኩባንያ ሞት ይሆንበት ነበር።

ግንባታውን ማቆም ብቻውን ግን አያድንም። ቀጥሎ የመጣው ሥራ ነው ይበልጥ የሚያስደንቀኝ። ኤፕሪል 2024 ላይ ፋብሪካው ለሳምንታት ተዘጋ። መስመሩ ተፈታታ፤ ዕቃው እንደገና ተነደፈ። አንዱን ብቻ ቀረብ ብለን እንየው። በመጀመሪያዎቹ የሪቪያን መኪኖች ውስጥ 17 ትንንሽ ኮምፒውተሮች ነበሩ። አንዱ በሩን፣ አንዱ መብራቱን፣ አንዱ ባትሪውን እያለ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ሽቦ ይፈልጋል። ሽቦውን በመኪናው ሆድ ውስጥ የሚዘረጋው ደግሞ አሁንም የሰው እጅ ነው፤ ለሮቦት ያስቸግራል። በአዲሱ ንድፍ 17ቱ ወደ 7 ወረዱ። ከእያንዳንዱ መኪና 2.5 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሽቦ ወጣ። 20 ኪሎ ገደማ ክብደት ተቀነሰ። የሚገዛው ሽቦ ቀነሰ፤ የሚዘረጋበት ሰዓትም ቀነሰ። ገዢው ከውጭ ሲያየው መኪናው ያው ነው።

ቮልስዋገንን የሳበውም ይኸው የኮምፒውተርና የሶፍትዌር ሥራ ነው። በጁን 2024 እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር ላወጣ ነው አለ፤ በኖቬምበር ወደ 5.8 ቢሊዮን አሳደገው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። ሪቪያን የተባለውን ደረጃ በደረሰ ቁጥር እየተቆነጠረ ይለቀቃል።

በ2024 የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሪቪያን ለመጀመሪያ ጊዜ 170 ሚሊዮን ዶላር ያልተጣራ ትርፍ አሳየ። ግን በደንብ መታየት አለበት። በዚያ ሩብ ዓመት 299 ሚሊዮን ዶላር የገባው ከክሬዲት ሽያጭ ነው። ክሬዲት የሚባለው የብክለት ደንብ ያላሟሉ ሌሎች አምራቾች ደንቡን ለማሟላት ከኤሌክትሪክ መኪና አምራቾች የሚገዙት ነገር ነው። ያ ባይኖር ኖሮ ትርፉ አይኖርም ነበር። ቢሆንም ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲወዳደር ለውጡ ትልቅ ነው።

ቀጥሎ የመጣው 2025 ደግሞ የቋሚ ወጪን ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳየናል። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት 14,611 መኪና ተመረተ፤ ያልተጣራው ትርፍ 206 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በሁለተኛው ሩብ ዓመት 5,979 ብቻ ተመረተ፤ ያልተጣራው ኪሳራ 206 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ትርፉና ኪሳራው እኩል መሆኑ አጋጣሚ ነው። የክሬዲት ሽያጩም በሁለተኛው ሩብ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር በምርት ብዛት ብቻ የመጣ አይደለም። ግን ምርት ሲወርድ ትርፍ እንዴት ተገልብጦ ኪሳራ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኝም። ይሄ የሆነው አንድ ፋብሪካ ብቻ ተይዞ ነው። የጆርጂያው ተገንብቶ፣ ወጪው እየሮጠ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ሌላ ይሆን ነበር።

ጥንቃቄው ግን በነፃ አልመጣም። ከሁሉ በፊት ዋጋ የከፈሉት ጆርጂያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ፋብሪካው እርሻችንንና ውሃችንን ያበላሻል ብለው የተቃወሙ፣ ፍርድ ቤት የሄዱ ነዋሪዎች ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ሥራ ይመጣል ብለው ጠበቁ። በሕዝብ ገንዘብ መሬቱ ተገዛ፣ ተደለደለ። ከዚያ «ቆይ» ተባለ። የተቃወመውም የጠበቀውም የተደለደለ ባዶ መሬት እያየ ቀረ። ኢሊኖይ በአንፃሩ አትርፋለች፤ አር2 እዚያው እንዲመረት የ827 ሚሊዮን ዶላር ማበረታቻ ሰጠች። ኩባንያው ለራሱ ትክክል የሆነ ውሳኔ ሲወስን ሌላው ሰው ሊጎዳ ይችላል። ይህን ሳያነሱ «ብልህ ውሳኔ» ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

ሌላው ዋጋ ጊዜ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ሰው እስከ 7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ ይሰጥ ነበር። ቅናሹ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አበቃ። አር2 ያኔ ገና ለሽያጭ አልደረሰም ነበር። ደግሞም ሁሉንም በአንድ ፋብሪካ ላይ መጣል ስጋት አለው። በኦክቶበር 2024 ለሞተሩ የሚያስፈልግ አንድ ዕቃ በመጥፋቱ ብቻ የዓመቱ ዕቅድ ከ57,000 ወደ 47,000 እና 49,000 መካከል ወረደ።

የሌሎቹን ስናይ ግን ሚዛኑ ወደ ጥንቃቄው ያደላል። ሎርድስታውን ሞተርስ ኦሃዮ ውስጥ የጄኔራል ሞተርስን ግዙፍ ፋብሪካ በ2019 ገዛ። ጥቂት ደርዘን ፒክአፕ ብቻ ሠርቶ በ2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በአውሮፓ ኖርዝቮልት የተባለው የስዊድን ባትሪ አምራች የመጀመሪያውን ፋብሪካ ሥራ ሳያስተካክል በየአገሩ ሌላ ፋብሪካ አቀደ፤ በማርች 2025 ከሰረ። ቴስላ በ2018 ሞዴል 3ን ለማፍጠን ሁሉን ነገር ለሮቦት ሰጥቶ መስመሩ ተጨናነቀበት። በመጨረሻ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ባለው ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክሎ በሰው እጅ ማገጣጠም ጀመረ። ኢላን መስክ ራሱ ከልክ ያለፈ አውቶሜሽን ስህተት እንደነበር ተናግሯል። ቴስላ ተረፈ፤ ግን ለትንሽ ነው።

አንባቢ «ታዲያ ቻይናዎቹስ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ለእኛ ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ አዲስ አበባ መንገድ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የቻይና ናቸው። የቻይናው ቢዋይዲ በ2024 ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ መኪና ሸጧል፤ ነዳጅም ኤሌክትሪክም የሚጠቀሙትን ጨምሮ። ባትሪውንም ራሱ ይሠራል። ቋሚ ወጪው ለሚሊዮኖች ሲካፈል የአንዱ ድርሻ ትንሽ ይሆናል። ዋጋው የሚረክስበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ነው። ቢዋይዲ ግን ከባትሪ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ሃያ ዓመት ፈጅቶበታል። ሪቪያን በሦስት ዓመት ሊደርስበት አይችልም።

የጆርጂያው ነገር አልሞተም። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እስከ 6.6 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈረመ። እዚህ ላይ የዕቅዱን ቅርጽ ልብ በሉ። የድሮው «400,000 በአንድ ጊዜ» ቀርቶ ለሁለት ተከፍሏል። መጀመሪያ 200,000፣ ቀጥሎ ሌላ 200,000። በሴፕቴምበር 2025 የመሠረት ሥነ ሥርዓት ተደረገ። ምርት ይጀመራል የተባለው በ2028 ነው። ኖርማል ላይ ደግሞ ለአር2 አዲስ ሕንፃ ተጨምሮ የፋብሪካው አቅም በዓመት ወደ 215,000 ከፍ ብሏል፤ ከዚህ ውስጥ 155,000 ያህሉ የአር2 ድርሻ ነው። አር2 ለደንበኛ መድረስ ይጀምራል የተባለው በ2026 የመጀመሪያ አጋማሽ ነው።

እንግዲህ ይህን ኩባንያ ለሚከታተል ሰው አንድ ምክር አለኝ። ሪቪያን በየሦስት ወሩ ሪፖርት ሲያወጣ ዜናው ስለ አክሲዮኑ ዋጋ ነው የሚያወራው። እናንተ መጀመሪያ የተመረተውን ቁጥር እዩ፤ በአራት አባዙት፤ ከ215,000 ጋር አወዳድሩት። ከዚያ ያልተጣራውን ትርፍ እዩና የክሬዲት ሽያጩን ቀንሱ። ኖርማል ከግማሽ በላይ ሞልቶ ትርፉ ያለ ክሬዲትም ከተገኘ፣ ጆርጂያ ላይ የሚወጣው ገንዘብ የሚያርፍበት መሬት አለው። ኖርማል ባዶ ሆኖ ጆርጂያ ላይ ብረት መቆም ከጀመረ ግን፣ የ2021ዱ ዕቅድ በሌላ ስም ተመልሷል ማለት ነው።